«ባትሪው ነው» ከማለታችን በፊት

ጅማ ውስጥ አሮጌ ፒክአፕ አልነሳም ብሎ መንገድ ዳር ሲቆም ፍርዱ የሚሰጠው ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ነው። «ባትሪው ነው» ይላል በአጠገቡ የሚያልፈው። የባጃጁ ሾፌርም ያጸናዋል። ባለመኪናው ተበድሮም ቢሆን አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ጥቂት ቀን ደህና ይሆንለታል። ከዚያ መኪናው እንደገና ቆሞ በጎረምሳ ይገፋል። እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ላይም፣ መርካቶ አካባቢም፣ ወደ አጋሮ በሚወጣው መንገድ ላይም ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያናድደኛል። ባትሪ ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ የምታውቁ ሁሉ ለምን እንደሚያናድደኝ ይገባችኋል። በደካማ ባትሪ ከሚቆመው መኪና ይልቅ፣ ጤነኛ ባትሪ ይዞ በመጥፎ ማሰሪያ የሚቆመው እንደሚበዛ ዓይኔ ያየው ነገር ነው።

እኔ በለቀማ ወቅት እሸት ቡና አመላልሳለሁ። ከጎማና ከማና ወረዳዎች ገበሬ የለቀመውን ቀይ እሸት ጭኜ መፈልፈያ ጣቢያ አደርሳለሁ። ለመታጠብ የታሰበ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። በጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ ይብላላል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ ሞተር አልነሳም ሲለኝ የምጨነቀው ለራሴ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የተጫነው ዓመት ሙሉ የተለፋበት የሰው ላብ ነው።

መኪናዬ ጃፓን ሠራሽ፣ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ናት፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራች። ሞተሯን የሚያዝ ኮምፒውተር የላትም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ ለእኔ ግን ትልቅ ጸጋ ነው። ሽቦው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በዓይን ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል። ትዕግሥት ያለውና ቮልት መለካት የሚችል ሰው የማያገኘው ብልሽት ብዙም የለባትም።

ሕመሟ እንዲህ ነበር። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ትንሽ ከበድ እያላትም ቢሆን ትነሳለች። ጭና መጥታ፣ ሞተሯ በደንብ ሞቆ፣ ለማራገፍ ጠፍታ ጥቂት ከቆየች በኋላ ግን ቁልፉን ሳዞር «ጧ» የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው፣ አይዞርም። ግማሽ ሰዓት ያህል ስትቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልነበረባት ትነሳለች። ምክሩ ጎረፈ። አንዱ ባትሪ፣ አንዱ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ፣ አንዱ ሞተሪኖውን ሙሉ በሙሉ ቀይር አለኝ። ሦስቱንም ብገዛ ኖሮ የዚያ ዓመት ሥራዬ ለመለዋወጫ በዋለ ነበር።

ከመግዛቴ በፊት የወሰድኳት መርካቶ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ኤሌትሪሺያን ነው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ጋሼ መፍቻ አላነሡም። «አስነሣት» አሉኝና ጆሯቸውን ሰጡ።

ድምፅ ብዙ ይናገራል። ቁልፍ ሲዞር «ጧጧጧጧ» ብሎ በፍጥነት የሚደጋገም ከሆነ፣ ሶሌኖይዱ (በሞተሪኖው ላይ ያለው በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ) ይስባል፣ ሞተሪኖው ኃይል ሲጠይቅ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሶሌኖይዱ ይለቃል፣ መልሶ ይስባል። ይህ በአብዛኛው የደከመ ባትሪ ወይም የላላ የባትሪ ማሰሪያ ነው። አንድ ጠንካራ «ጧ» ብሎ ዝም ካለ፣ ሶሌኖይዱ ሥራውን ሠርቷል፤ ዋናው ኃይል ግን ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም፣ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ደርሶት መዞር አልቻለም። ምንም ድምፅ ከሌለ ወደ ቁልፉ፣ ወደ ፊውዙና ከቁልፉ ወደ ሶሌኖይዱ ወደምትሄደው ቀጭን ሽቦ መሄድ ነው። ሞተሪኖው እንደ ልብ እያዞረ ሞተሩ ካልነሳ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ ጋ እመለሳለሁ።

ቀጥለው የፊት መብራቱን አብርቼ ቁልፉን እንዳዞር አዘዙኝ። ይህን ማንም ሰው ያለ መሣሪያ ሊሞክረው ይችላል። ሲዞር መብራቱ ጨርሶ ከጠፋ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል፣ ወይም ሞተሪኖው ተቆልፎ ኃይሉን ሁሉ እየጠጣ ነው። መብራቱ ብዙም ሳይደበዝዝ «ጧ» ብቻ ካለ ግን ባትሪው ኃይል አለው፤ መሄጃ ነው ያጣው። የእኔ መብራት እንደበራ ቀረ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና «ባትሪህ ምንም አልሆነም፣ ልጄ። ኃይሉ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው» አሉኝ።

ከዚያ መልቲሜትሩ፣ የኤሌትሪክ መለኪያው፣ ወጣ። ስለ ቁጥሮቹ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ክርክሩን ሁሉ የሚዘጉት እነሱ ናቸው። የመኪና ባትሪ 6 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ወደ 2.1 ቮልት ይሰጣል። ስለዚህ ሙሉ ባትሪ ለጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል፤ 12 ላይ ሲደርስ ሩብ ያህል ብቻ ቀርቶታል። «12 ቮልት አለው፣ ደህና ነው» የሚባለው ለዚህ ነው ስሕተት የሚሆነው። ሞተሪኖው እያዞረ ሲለካ ደግሞ ቮልቱ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሞተር ተነሥቶ ዲናሞው ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ከ15 ካለፈ ዲናሞው ባትሪውን እያፈላው ነው።

የእኔ ባትሪ አርፎ 12.5፣ ቁልፍ ዞሮ «ጧ» ሲል 11.2 ቮልት። ጤነኛ ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። አብዛኛው ጋራዥ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ጋሼ ግን አላቆሙም። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርገው ቁልፉን እንዳዞር አዘዙኝ። ሁለቱ ነጥቦች በወፍራም ገመድ የተያያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ኃይል ሲያልፍ በመካከላቸው የሚታየው ቮልት ከምንም የማይቆጠር፣ ቢበዛ 0.2 ወይም 0.3 መሆን ነበረበት። መልቲሜትሩ ከ6 ቮልት በላይ አሳየ። ባትሪው ከሰጠው 11.2 ውስጥ ከግማሽ በላዩ ሞተሪኖውን ሳያዞር ማሳው ላይ፣ ማለትም ኃይሉ ከሞተሩ ብረት ወደ ባትሪው በሚመለስበት ገመድና ማሰሪያ ላይ፣ ይባክን ነበር ማለት ነው። በፖዘቲቩ በኩል፣ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው፣ የጠፋው ከግማሽ ቮልት አይበልጥም።

ይህ ለምን ይሆናል? የናፍጣ ሞተሪኖ 200 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል። ቮልት ማለት አምፔር (የፍሰቱ መጠን) ሲባዛ በኦም (የተቃውሞው መጠን) ነው። ስለዚህ አንድ መቶኛ ኦም፣ ማለትም 0.01፣ የምታህል ዝገት በ200 አምፔር 2 ቮልት ትበላለች። ይህችን ዝገት በመልቲሜትሩ የኦም መለኪያ ልታገኟት አትችሉም፤ ዜሮ ነው የሚላችሁ። በአንድ ክር የቀረ መጫኛ ባዶውን ሲስቡት ሙሉ ይመስላል፤ ኩንታል ሲያነሡበት ነው የሚታወቀው። ገመድም እንደዚያው ኃይል እያለፈበት ካልተለካ አይታወቅም።

ሞቃት ስትሆን ብቻ የምትቆምበትም ምክንያት እዚሁ ነው። የመዳብ ተቃውሞ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከ20 ዲግሪ ወደ 80 ሲደርስ ጭማሪው ሩብ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የሞቀው ሞተሪኖና የሞቀው ሶሌኖይድ የሚያገኙት ኃይል ይቀንሳል፤ የዛገው ማሰሪያም ብረቱ ሲሞቅና ሲለጠጥ ይላላል። ጠዋት በቀዝቃዛው እንደምንም የሚያልፈው ጉድለት ከሰዓት በኋላ የማይታለፍ ሆነ።

ጋሼ እጄን ያዙና የነዳጅ መስጫውን ገመድ አስነኩኝ። ከውጭ የሚሸፍነው ላስቲክ አንድ ቦታ ላይ ቀልጦ ወደ ቡናማ ተለውጧል። ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ። ሞተር የተቀመጠው በጎማ ትራስ ላይ ነው፤ ጎማ ኤሌትሪክ አያሳልፍም። ማሳው ሲበላሽ ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ሌላ ብረት ይፈልጋል፤ ያገኘውም ይህን ቀጭን ገመድ ነበር። በመኪናችሁ ላይ የነዳጅ መስጫ ወይም የፍሪሲዮን ገመድ ያለ ምክንያት ሲሞቅ ካገኛችሁ ባትሪ ለመግዛት አትሂዱ፤ ማሳውን ፈልጉ።

የማሳውን ገመድ ከሞተሩ ጎን ስንፈታው ከብሎኑ ሥር የወጣው ቀይ ጭቃ፣ አረንጓዴ ዱቄትና የድሮ ቀለም ነበር። አንድ ሰው በሆነ ዘመን ሞተሩን ቀለም ቀብቶ ገመዱን በቀለሙ ላይ አስሮታል። የጅማ ዝናብ የቀረውን ጨረሰው። ክረምቱ ረጅም በሆነበት፣ መንገዱ ከአስፋልት ሲወጣ ወዲያው ቀይ አፈር በሆነበት አገር ከመኪና ሥር ያለ ማሰሪያ ሁሉ በየዓመቱ ተፈትቶ መታየት አለበት። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፈገፈግነው፣ የገመዱን ራስ በአዲስ ተካነው፣ አጥብቀን አሰርነውና ከላይ ግራሶ ቀባነው። ከሞተሩ ወደ ሻንሲውም አንድ ተጨማሪ ወፍራም ገመድ ዘረጋን። እንደገና ሲለካ 0.2 ቮልት። ሞተሪኖው ያሰማው ድምፅ ሌላ መኪና ውስጥ የተቀመጥኩ አስመሰለኝ።

ይህን ያህል ያወራሁት ማሳው ብቻ ስለሚበላሽ አይደለም። በብዙ የጃፓን ፒክአፖች ላይ አንዱን «ጧ» የሚያመጣው ሌላ የታወቀ ምክንያት በሶሌኖይዱ ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ መገናኛዎች መበላታቸው ነው። ሲበሉ ሶሌኖይዱ ይስባል፣ መዳቦቹ ግን አይነካኩም። ደጋግማችሁ ቁልፉን ስታዞሩ በአንዱ ጊዜ ድንገት ከተነሳ ወደዚያ ጠርጥሩ። መገናኛዎቹ ከሙሉ ሞተሪኖ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ርካሽ ናቸው። እነሱን በመቀየር የሚድን ሞተሪኖ አውልቆ ሌላ አሮጌ መግጠም ለባለመኪናው ግፍ ነው።

አሁን ወደ ተውኩት ልመለስ፤ ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ የማይነሳበት። እዚህ ላይ የጭስ ማውጫውን ማየት ነው። እየዞረ ነጭ ጭስ ከወጣና ያልተቃጠለ ናፍጣ ከሸተተ፣ ናፍጣ ገብቷል፤ ሙቀት ነው የጎደለው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ራሱ አልደረሰም። በመጀመሪያው ጉዳይ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን መፈተሽ ነው። የሚያገናኛቸውን ብረት አንሥቶ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በትንሽ የሙከራ አምፖል በኩል እያንዳንዱን መንካት ይበቃል፤ አምፖሉ ያልበራበት ካንዴላ ተቃጥሏል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ናት፤ በአቅራቢያዋ ያለችው ዴዶ ከእሷም ትበልጣለች። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ በሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅም የሚፈጥረው ሙቀት ይቀንሳል። ከአራቱ ሁለቱ የሞቱ ካንዴላዎች ቆላ ላይ ላያስቸግሩ ይችላሉ፤ ዴዶ ላይ በታኅሣሥ ንጋት ግን መኪናውን ያቆሙታል።

ጭስ ከሌለ ደግሞ የናፍጣው ፖምፓ ላይ ያለችውን ማቋረጫ ሶሌኖይድ እዩ። ቁልፉ ሲከፈት ኃይል አግኝታ ናፍጣውን የምትለቀው፣ ሲዘጋም የምትቆልፈው እሷ ናት። ሽቦዋን ነቅሎ መልሶ ሲነኩ «ጠቅ» ማለት አለባት። ካላለች ሽቦው ላይ 12 ቮልት መድረሱን ለኩ። ደርሶ ዝም ካለች ራሷ ሞታለች፤ ካልደረሰ ችግሩ ወደኋላ፣ ወደ ፊውዝና ወደ ቁልፍ ነው። በአንዲት የላላች ቀጭን ሽቦ ምክንያት ፖምፓ ሲወርድ ማየት ያሳዝነኛል፤ የናፍጣ ፖምፓ አንዴ ከተነካካ ወደ ድሮው ልኩ ለመመለስ ብዙ ያስከፍላል።

ስለ ዲናሞ አንድ ነገር። እንደ እኔ ባሉ ናፍጣዎች ላይ ከዲናሞው ጀርባ የቫክዩም ፓምፕ ተያይዞ ይሠራል፤ ለፍሬኑ ማገዣ አየር የሚስበው እሱ ነው። በሞተር ዘይት ስለሚለሰልስ ማኅተሙ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ይገባል፣ ካርቦኖቹን ያበላሻል። ዲናሞው በየጊዜው የሚሞት ከሆነ ካርቦን ብቻ እየለወጡ መሸኘት አይበቃም፤ ዘይቱ ከየት እንደመጣ መታየት አለበት። ፍሬኑ ከወትሮው ከጠነከረ ደግሞ ጉዳዩ የሕይወት ነው። ከጊቤ በረሃ ቁልቁለት ላይ በጠነከረ ፍሬን መውረድን ለማንም አልመኝም።

አሁን የሚያቃጥለኝን ልናገር። ዲናሞ ይሠራል አይሠራም ለማለት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ የሚነቅሉ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ። «ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው» ይላሉ። ባትሪው የዲናሞውን ቮልት የሚያረጋጋ ነገር ነው፤ ገመዱ በተነቀለበት ቅጽበት ቮልቱ በከፍተኛ ሁኔታ ይወረወርና በዲናሞው ውስጥ ኃይሉን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ዳዮዶችና ቮልቱን የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ሊያቃጥል ይችላል። ጤነኛ ዲናሞ በምርመራ ይሞታል። መልቲሜትር በባትሪው ላይ አድርጎ 14 ቮልት ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ማገናኘት ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ከኋላው ያለው ሽቦ እንዳይቃጠል ነው። በሽቦ ከተተካ በሚቀጥለው ጊዜ የሚቃጠለው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል ነው፤ ሰው ውስጥ እያለ። ሦስተኛው በባትሪ ውስጥ ፈሳሽ ሲጎድል አሲድ መጨመር። የሚተነው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው አለ። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። በማሰሪያው ላይ የሚወጣውን ነጭ ዱቄት ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ በተቀላቀለበት ሙቅ ውሃ ማጠብ ነው፤ ሶዳው አሲዱን ያከሽፈዋል። ባትሪ ሲፈታ ኔጌቲቩ መጀመሪያ ይፈታል፣ ሲታሰር መጨረሻ ይታሰራል፤ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ እሳት እንዳይነሣ።

አዲስ ባትሪ ገዝተው ሌሊቱን አድሮ የሚሞትባቸው ሰዎችም አሉ። መኪናው ጠፍቶ ሳለ የሆነ ነገር እየጠጣው ነው። ሁሉንም ዘግቶ፣ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትቶ፣ መልቲሜትሩን በአምፔር መለኪያው በመካከል ማስገባት ነው፤ በዚያ ሁኔታ ሞተሩን ለማስነሣት ፈጽሞ አትሞክሩ፣ መልቲሜትሩ ይቃጠላል። ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ ቁጥሩ የወደቀበት ፊውዝ ሌባውን ያሳያል። ግማሽ አምፔር የሚጠጣ ነገር 70 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ ሦስት ቀን ሳይሞላ ግማሹን ያወርደዋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በኋላ የተጨመረ ቴፕ፣ አላርም ወይም በችኮላ የተቀጠለ የጭነት ክፍል መብራት ነው። ፊውዝ ሁሉ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወደቀ የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ፈትታችሁ እዩ፤ ዳዮዱ አፈትልኮ ሊሆን ይችላል።

የጋሼ ተለማማጅ አሁን ለሚመጣው መኪና ሁሉ አራት ቁጥር በወረቀት ጽፎ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ባትሪው አርፎ፣ ሞተሪኖው ሲያዞር፣ ዲናሞው ሲሠራ፣ ማሳው ላይ የጠፋው። የእኔ ወረቀት በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ነው፤ 12.6፣ 10.6፣ 14.1፣ 0.2። በፖዘቲቩ በኩል የጠፋው ግን ከ0.4 ወደ 0.6 ወጥቷል። መዳቦቹ መበላት ጀምረዋል ማለት ነው፤ ለቀማው ሳይጀመር ሞተሪኖውን አውርደን እንለውጣቸዋለን።